የተቆረጡት ሁለት ስንኞች

ሰው ዶሮ ሲሰርቅ ቢያዝ ይታሰራል። ግጥም ሲሰርቅ ግን ይጨበጨብለታል፤ ለዚያውም አዳራሽ አሸብርቆ፣ ባንዲራ ተሰቅሎ! ፈድሊያ ይህን የተረዳችው በ1976 ነሐሴ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጅማ ከተማ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ነው።

አለቃዋ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አደረገና "ቶሎ ይመታ፤ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ነው" ብሎ ሄደ። አናቱ ላይ "በክፍለ ሀገሩ የኪነት ውድድር በግጥም አንደኛ፦ ጓድ እሱባለው" ይላል። ከሥሩ አራት ስንኞች አሉ፦

ክፉውን ከደጉ ለይቼ ለይቼ፣
ዓይኔን ለአንድ ጆንያ ከፍዬ ሰጥቼ፣
ደጉ ተሳፈረ ባሕሩን ተሻግሮ፣
ገለባው ለእኔ ነው አምናም ሆነ ዘንድሮ።

ፈድሊያ ወረቀቱን አንስታ እንደገና አነበበችው። ይህን ግጥም ታውቀዋለች። ከሦስት ወር በፊት በዚሁ መኪና፣ በምሳ ሰዓት፣ በር ዘግታ ስቴንስል ላይ የመታችው እሷ ናት። ከዚያም በፊት ከግጥሙ ባለቤት አፍ እየሰማች በእርሳስ የጻፈችው እሷው ናት። ባለቤቲቱ ለጢፋ ትባላለች። የበቾ ቦሬ ሰፈር ጎረቤቷ፣ በቡና መጋዘን ውስጥ መጥፎውን ፍሬ ከጥሩው ስትለቅም ሃያ ዓመት የሞላት ሴት ናት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሁለት ጊዜ የምስክር ወረቀት ሰጥቷታል፤ ፊደል ግን አልሰጣትም። እሱባለውስ? እሱባለው እንኳን ቡና ሊለቅም፣ የጠጣበትን ስኒ ከፊቱ አንስቶ አያውቅም!

መታችው። ምን ታድርግ፣ እንጀራዋ ነው። ስሙ ላይ ስትደርስ ግን ቁልፉን እንደ ሚስማር ስለመታችው ወረቀቱ ተበሳና እንደገና መጀመር ነበረባት። የሌባውን ስም ሁለት ጊዜ አስጻፏት።

ነገሩ እንዲገባችሁ ግጥሙ መጀመሪያ ስለወጣበት መጽሔት ልንገራችሁ። "ለቀማ" ትባል ነበር። በሁለት ወር አንዴ የምትወጣ፣ ሃያ ገጽ የሆነች፣ መቶ ቅጂ የማትሞላ ሚስኪን መጽሔት። መንግሥት አልረዳት፣ ማኅበር አላቋቋማት፤ ያቆማት የሦስት ሰዎች ግትርነት ነው። የአማርኛ አስተማሪው መምህር ሀብተጊዮርጊስ ጽሑፍ ይመርጣሉ፣ ያርማሉ። ፈድሊያ ስቴንስሉን ትመታለች። ቅዳሜ ከሰዓት የትምህርት ቤቱን ማባዣ ለምነው፣ እስከ ክርናቸው ቀለም እስኪሆኑ ያባዛሉ። ከዚያ ወደ ጠሃ ሱቅ ነው። ጠሃ ልብስ ሰፊ ነው፤ የመጽሔቷን ጀርባ በስፌት መኪናው ይሰፋዋል። በእለቱ እጁ ላይ በተገኘው ክር ስለሚሰፋ አንዱ እትም በቀይ፣ ሌላው በሙሽራ ቀሚስ ነጭ ክር ይወጣል። ሠላሳውን ቅጂ ደግሞ በሱሪ ጠቅልሎ አጋሮ ላለ ሰፊ ወዳጁ ይልካል። አጋሮ ውስጥ ሱሪ ሳያሰፋ ሱሪ የሚቀበል ሰው ካያችሁ የለቀማ አንባቢ ነው።

አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ለቀማ ላይ ስም አይወጣም። ያወጡት መምህሩ ናቸው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። በ1970 አንድ ተማሪያቸው በትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ከግጥሙ ሥር ስሙን ጻፈ። በሳምንቱ ከክፍል ጠርተው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። መምህሩ ከዚያ ወዲህ ከግጥም ሥር ስም ባዩ ቁጥር በእርሳስ ይሰርዙታል። ስለዚህ የማን ጽሑፍ የማን እንደሆነ የምታውቀው ፈድሊያ ብቻ ናት፤ እሷም በወረቀት ሳይሆን በልቧ ነው የያዘችው።

እያንዳንዱ እትም ከመባዛቱ በፊት ግን ጓድ እሱባለው ዘንድ መቅረብ ነበረበት። የፕሮፓጋንዳ ሹም ነው። የእሱ ማኅተም ካላረፈበት አንድ ገጽ አይባዛም። የለጢፋን ግጥም ሲያነብ ፈድሊያ ፊቱ ቆማ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበው።

"የማነው ይሄ?" አላት።

"ስም አናወጣም፣ ጓድ።"

"ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ። ግለኝነት የንዑስ ከበርቴ በሽታ ነው" አለና ማኅተሙን መታበት።

በሽታው ለካ እሱን ራሱን ይዞት ኖሯል!

ሌላም ነገር አለ፤ እውነቱን እናውራ ካልን ለቀማዎችም ንጹሕ አይደሉም። ግጥሙ ስድስት ስንኝ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሹማምንትን ይነካሉ። መምህር ሀብተጊዮርጊስ እንዳነበቧቸው "እነዚህ ከወጡማ አለቀልን" ብለው ፈድሊያን አስቆረጧት። ለለጢፋ የነገራት የለም። ሁለቱ ስንኞች ምን እንደሚሉ አሁን አልነግራችሁም፤ ቦታቸው ሲደርስ ራሳቸው ይናገራሉ።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ፈድሊያ ወደ ጠሃ ሱቅ በረረች። መምህሩም ኮታቸውን ሊያስጠግኑ መጥተው እዚያው ነበሩ።

"ተዘረፍን!" አለች ገና ከደጅ። "እሱባለው የአዮን ግጥም በስሙ አስገብቶ አንደኛ ወጣ! ራዲዮ ይሸለማል፤ በዚሁ ምክንያት አዲስ አበባ ሊያዛውሩት ነው ይባላል!" ለጢፋን አዮ ነው የምትላት፤ እናቴ ማለቷ ነው።

ጠሃ እግሩን ከመኪናው መርገጫ ላይ አነሳ። "ላ ኢላሃ ኢለላህ! በጠራራ ፀሐይ?"

መምህሩ ግን፣ "ፈድሊያ፣ ይህን ነገር ዋጥ አድርጊው" አሏት።

"ምን አሉኝ? የሰው ወርቅ አያደምቅ እያሉ ሲያስተምሩን አልነበር? ይኸው እሱን አደመቀው!"

"ቁጭ በይና ስሚኝ፣ ልጄ። የእኛ ነው ብንል ደራሲውን አምጡ ይለናል። ለጢፋን አመጣን እንበል። መጋዘኑ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ስድስቱንም ስንኝ በቃሏ ታውቃለች። ያ ማለት ሁለቱ ስንኞች ተሰሙ ማለት ነው። ከዚያ ለጢፋን የት የሚወስዷት ይመስልሻል? ወደ ሽልማት?"

እውነታቸውን ነው። እውነት ደግሞ የፈድሊያን ንዴት ያብሳል እንጂ መቼ ያበርዳል? "እንግዲያው ሕጋችን ለሌባ የተበጀ ነው" አለች። "ስም ከልክለን ባዶ ወንበር አስቀመጥን፤ እሱ መጥቶ ተቀመጠበት። እጁን እንኳ ቀለም አልነካው!"

ጠሃ ግን፣ "እሷስ? ለራሷ ነግረሻታል?" ብሎ ጠየቀ። አልነገረቻትም። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ድረስ እግሯ እምቢ አላት።

ዓርብ ከሰዓት ሄደች። ለጢፋ ከመጋዘን ተመልሳ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን በቅባት ታሻለች። ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች።

"መሊ? ምን አልሽ? እሱባለው? ያ ሆዱ ቀድሞት የሚሄደው? ወላሂ፣ የእኔን ግጥም ወስዶ ምን ሊያደርገው ነው? ይውሰደው! ነገ ሌላ እላለሁ።"

"አዮ፣ በአንቺ ስም ነበር መጠራት ያለበት!"

"ስሜ ቢጻፍ አነበው ይመስል!" አለችና እጇን ከቅባቱ ላይ አቆመች። "ቆይ እስቲ። ጅራቱንም፣ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን፣ ወስዷል? ጅራቱን ሰምተው እንዴት ሸለሙት?"

ፈድሊያ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን ነገረቻት፤ እንደተቆረጠ፣ ማን እንዳስቆረጠ፣ በማን እጅ እንደተቆረጠ።

ለጢፋ ብድግ አለች። ፈድሊያ በእድሜዋ ሙሉ እንዲህ ስትቆጣ አይታት አታውቅም።

"ቆረጣችሁት? እኔ እኮ የላይኛውን ሁሉ ያልኩት ለጅራቱ ብዬ ነው! የላይኛው ለቅሶ ነው፤ ለቅሶማ ማንም ያለቅሳል። ነገሬ ያለው ከታች ነው! ጅራቱ ቢኖር ኖሮ ማን ደፍሮ ይሰርቀው ነበር? እናንተ ናችሁ እሾሁን ነቅላችሁ ለሌባ ያቀረባችሁለት!"

"ፈርተን ነው፣ አዮ።"

"ፍሩ! መፍራት ነውር አይደለም። እኔን ሳትጠይቁ በእኔ ፋንታ መፍራት ነው ነውሩ! አፌ የእኔ፣ አንገቴ የእኔ፤ ማን ነው ምላሴን እንድትገርዙ የሾማችሁ?"

ፈድሊያ ይህን መቻል አቃታት። የእሱባለው ስርቆት እንደ ጥፊ ነበር፤ ይህኛው ግን እውነት ስለሆነ አጥንቷ ድረስ ገባ። እያለቀሰች ወደ ቤቷ ስትሄድ ለራሷ ማለች፦ አንድ ቀን፣ የትም ይሁን የት፣ ሹም ፊት ቆሜ "ይህ ግጥም የለጢፋ ነው" ሳልል አልሞትም!

በዓሉ ደረሰ። አዳራሹ ቀይ በቀይ ሆነ። ከአዲስ አበባ የመጡ ትልቅ እንግዳ መድረኩ ላይ መሃል ተቀምጠዋል። እሱባለው አዲስ ካኪ አሰፍቶ (ለሌላ ሰፊ ነው የሰጠው፤ ጠሃ ጨርቁ አይበቃም ብሎ መለሰው) ከጎናቸው ተኮፍሷል። አንድ ትዕዛዝ ሰጥቶ ነበር፦ "ግጥሜ የለቃሚዋ ድምፅ ነውና ለቃሚዎቹ ፊት ለፊት ይቀመጡልኝ።" መቶ ሃያ ሴቶች ከመጋዘኑ በሰልፍ መጥተው፣ ነጠላቸውንና ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ከፊት ረድፎች ተደረደሩ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይሄኛው ደግሞ በሚያውቁት ሰዎች ፊት አስነጠፈ።

አሁን ስለ መጋዘኑ አንድ ነገር እወቁልኝ። ሴቶቹ ሲለቅሙ ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑም ሥርዓት አለው። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውራጇ የራሷን ብላ ዝም ስትል ጅራቱ የተቀባዮቹ ነው። አውራጅን ሳይቀበሉ ዝም ማለት ሰላምታ እንደ መንሳት ይቆጠራል፤ የተጣላ ብቻ ነው የሚያደርገው። ሃያ ዓመት በዚህ ነው የኖሩት። እሱባለው ይህን ከየት ይወቀው? ከወረቀት ነው እኮ የሰረቀው!

ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አነበበ። ማንበቡስ አይካድም፤ ድምፁ ጥሩ ነው። "ገለባው ለእኔ ነው አምናም ሆነ ዘንድሮ" ብሎ ወረቀቱን ዝቅ አደረገና ጭብጨባውን ለመቀበል ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

ፈድሊያ የበዓሉን ፕሮግራም እያደለች ሦስተኛው ረድፍ አጠገብ ቆማለች። ለጢፋ አጠገቧ ወዳለችው ወደ ከድጃ ዘንበል ብላ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ፣ "አውራጁ እሱ ከሆነ እንቀበለው እንጂ፤ ዝም ማለት ነውር ነው" ስትል ሰማቻት።

መቶ ሃያ ሴቶች፣ ጆንያ ላይ እንዳሉ ሁሉ፣ በአንድ ድምፅ ተቀበሉት፦

የጆንያውን ነቀዝ በጣቴ ለቀምኩት፣
የወንበሩን ነቀዝ እናንተ ልቀሙት!

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቶሎ ብሎ በሳል ሸፈነው። እንግዳው ቀስ ብለው ወደ እሱባለው ዞሩ።

"ጓድ፣ ይሄም የአንተ ነው?"

የእሱባለው ፊት አመድ መሰለ። "አይ... ይሄ እንኳ... እኔ እስከ አራተኛው..."

"ከአንተ ይልቅ እነሱ ያውቁታል እኮ!" አሉ እንግዳው፤ ሳቅ የለበትም።

ፈድሊያ ከደስታዋ የተነሣ ወረቀቱን ሁሉ መሬት በተነችው። ደስታዋ ግን እስከ ሐሙስ ብቻ ነው የቆየው።

መቶ ሃያ ሴት አይታሰር ነገር፣ ቡናውን ማን ይለቅመዋል? መርከብ አሰብ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ተፈለገ፤ የግጥሙ ባለቤት። ሐሙስ ጠዋት ፈድሊያን ከሥራዋ ጠርተው ወሰዷት። መርማሪው ቀይ ክር የተሰፋችውን ለቀማ ፊቱ ዘርግቷል። እስክሪብቶውን ከፍቶ ይጠብቃል።

"እሱባለው ከዚህ መጽሔት ነው የወሰድኩት፣ የእኔ አይደለም ይላል። እዚህ ደግሞ ስም የለም። የማን ጽሑፍ የማን እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉ" አላት። "እንግዲህ ንገሪኝ። የማነው?"

አያችሁልኝ? ስትናፍቀው የከረመችው ጥያቄ! ሹም ፊት፣ ቢሮ ውስጥ፣ የምትለው ሊጻፍላት እስክሪብቶ ተዘጋጅቶ! የለጢፋ ስም ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ደግሞም ልትለው ትችላለች፤ አንድ ቃል ነው። ወይ ዘመን! ስምሽ ማነው ብሎ በክብር የሚጠይቅ ጠፍቶ፣ ጠያቂው ወህኒ ብቻ ይሁን? አፏ ውስጥ ሲመር ተሰማት።

ዋጠችው።

"የጓድ እሱባለው ነው" አለች።

"ይክዳል አልኩሽ እኮ።"

"ለመጽሔቱ የሰጡን ራሳቸው ናቸው። ስሜ አይውጣ ያሉትም እሳቸው ናቸው፤ 'ግለኝነት የንዑስ ከበርቴ በሽታ ነው' ብለው። ማኅተማቸውን ይመልከቱት፣ ያው። ከዚያም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የእኔ ነው ብለው አንብበዋል። ከእሳቸው በላይ እኔ ላውቅ ነው?"

መርማሪው ጻፈ። "መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለቱስ?"

"እኛ ዘንድ የደረሱት አራቱ ናቸው። የቀረውን ባለቤቱን ይጠይቁ።"

ፈርሚ አላት፤ ፈረመች። ዋሸች? አዎ፣ ዋሸች። እሱባለው በዚህ ስምንት ወር ታስሯል፤ ደግ አደረገች የሚል ብዙ ነበር። ለቀማም ተዘጋች፤ መምህር ሀብተጊዮርጊስ ወደ ሩቁ ማጂ ተዛወሩ፤ ጠሃ የተረፈውን ቀይ ክር ለአዝራር አደረገው። ይህ ሁሉ በኋላ የሆነ ነው። በዚያ ሐሙስ ፈድሊያን ያንገበገባት ሌላ ነው። እሱባለው ግጥሙን ሲሰርቅ በአፉ ብቻ ነበር የእኔ ነው ያለው። አሁን በመዝገብ፣ በፈድሊያ ፊርማ፣ የእሱ ሆነለት።

ከዚያ እንደወጣች አንድ ደብተር ገዛች። መንገድ ዳር ካለ ግንብ ላይ ተቀምጣ ስድስቱንም ስንኝ በእጇ ጻፈች። ከላይ፣ ጉልህ አድርጋ፣ "ለጢፋ አባቦራ" አለች። ወረቀቱን ገንጥላ ይዛ ሄደች። ለጢፋ ምድጃዋ ላይ ድስት ጥዳ ጎንበስ ብላለች።

"አዮ፣ ስምሽን ዋጥኩት" አለቻትና የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠቻት።

ለጢፋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ፣ እንደ ቡና ፍሬ አስጠግታ አየችው። "የቱ ነው ስሜ?"

ፈድሊያ በጣቷ አሳየቻት።

"ይቺ ናት?" አለች ለጢፋ። "እንዴት ትንሽ ናት!" ሌባ ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አስኬደችው። አንዴ መለሰችው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ እሳቱ ውስጥ ከተተችው።

"አዮ! ምን ሆነሻል?"

"ጠዋት ስሜን ውጠሽ አዳንሽኝ፤ ከሰዓት በወረቀት ልታስይዢኝ ነው? አየሁት፣ ገለቶሚ፣ ተባረኪ፣ በቃኝ።" ዓይኗ ግን ከእሳቱ ላይ አልተነሣም።

ፈድሊያ ጮኸች። "ተናደጂ እንጂ! እሱ ሰረቀሽ፤ እኛ ቆረጥንሽ፤ እኔ ዛሬ በፊርማዬ አስረከብኩት! እንዴት አትናደጂም?"

"ማን አልተናደድኩም አለሽ?" አለች ለጢፋ። ድስቱን ከእሳቱ አወረደችና ተቀመጠች። "ከማለዳ ጀምሮ ጣቴ ፍሬ ሲለይ ልቤ ሌላ ሲለቅም ነው የዋለው። አዲስ አለኝ። እርሳስ አውጪ። ስም አትጻፊ። ጅራቱን ከቆረጥሽ ግን ውርድ ከራሴ!"

ፈድሊያ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ እርሳሷን አወጣች። ለጢፋ እያወረደች፣ እሷ ጻፈች። ከላይ ስም አልጻፈችም። ከታች ግን አንዲት ፊደል አላስቀረችም።